የአባቴ ሰዓት በሚዛኑ ላይ ይቀመጥ፦ የፓርኪንሰን መድኃኒት ለሚመርጡ፣ ለሚገዙና ለሚያዝዙ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

የመድኃኒት ዝርዝር ለምታዘጋጁ፣ ግዢ ለምትፈጽሙ፣ የጤና መድን የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ለምትወስኑ፣ ማዘዣ ለምትጽፉ ሐኪሞችም፤

ጉዳዩ፦ የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን እያዘገየ፣ እያንቀጠቀጠና እየገተረ የሚሄድ የአንጎል ሕመም) መድኃኒቶች ወጪና ጥቅም የሚመዘንበትን መንገድ ይመለከታል

አባቴ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ሸሚዛቸውን ቆልፈው ለመጨረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ሰዓት ይዤ ስለቆጠርኩ ነው የማውቀው። የላይኛውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ይይዙታል፤ ቀዳዳው አጠገብ ያደርሱታል፤ እዚያ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ቀጥ ይላሉ። ልባቸው ያዛል፣ እጃቸው አይሰማም። ላግዝዎት ብዬ እጄን ስዘረጋ በዓይናቸው ይመልሱኛል። ኪኒናቸውን ቀድመው ውጠው አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቁ ግን ያንኑ ሸሚዝ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆልፉታል፤ ኮታቸውንም ራሳቸው ይደርባሉ።

ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ነው። እናንተ ፊት በሚቀርበው ሠንጠረዥ ላይ ይህ አሥር ደቂቃ የትም አይገኝም። እዚያ ያለው የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ የአንዱ ኪኒን ዋጋና የሚፈለገው ብዛት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ እንደጎደለው ልነግራችሁ ነው፤ ታማሚው በቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ራሱን ችሎ እንደሚውል የሚያሳይ ዓምድ።

ሐኪም አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት አባቴን ያስታመምኩ ልጅ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ተራ ደብተር ነው፤ ያስጀመሩን የነርቭ ሐኪማቸው ናቸው። ቀኑን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ከፋፍለን ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ከአራት ቃል አንዱን እንጽፋለን፦ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ተወራጩ፣ ተኙ። "ያዘ" ስንል መድኃኒቱ ሠርቶ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ነው። "ለቀቀ" ስንል ኃይሉ አልቆ ሰውነታቸው የሚገተርበት። "ተወራጩ" ስንል ደግሞ ትከሻቸውና አንገታቸው ያለፈቃዳቸው የሚወዛወዝበት፣ ሐኪሞች ዲስካይኔዥያ የሚሉት። አዳዲስ የፓርኪንሰን መድኃኒቶችን የሚፈትኑ ተመራማሪዎችም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ደብተር ለታማሚዎች ያድላሉ፤ መድኃኒቱ ጠቀመ የሚባለውም የለቀቀው ሰዓት በቀን ምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ ነው። መለኪያው እንግዲህ ከተገኘ ቆይቷል። በጀት በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ግን ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ዋናው ሌቮዶፓ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታውን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ለይቶ የጻፈው በ1817 ነው፤ ሁነኛ መድኃኒት እስኪገኝለት ግን መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚያገለግል ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪዬቪችና የሥራ ባልደረባው ቪየና ላይ ፓርኪንሰን ይዟቸው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ ክፉኛ ተመናምኖ አገኙት። ዶፓሚንን ራሱን በኪኒን መስጠት አይቻልም፤ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ እዚያ ሲደርስም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ መድኃኒቱን በአፍ፣ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲሰጥ የተገተሩ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መድኃኒት መጥቷል። እንቅስቃሴን በመመለስ በኩል ግን ሌቮዶፓን የሚበልጥ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። የፈጠራ መብቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ስለሆነው ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል፤ ከአዳዲሶቹ ጋር ሲተያይም ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ በዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥም ካርቢዶፓ ከሚባለው አጋዥ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይገኛል።

በሽታውን እንደማያድን አውቃለሁ። ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት መሞታቸውን አያስቆምም፤ ይህን እንደሚያደርግ የተረጋገጠለት መድኃኒት እስካሁን የለም። ስለዚህ በፓርኪንሰን ነገር የመድኃኒት ጥቅም ማለት የዛሬ ቀን ማለት ነው። የዛሬ ሸሚዝ፣ የዛሬ እርምጃ፣ የዛሬ ፊርማ።

እዚህ ላይ ቤታችን የከፈለውን የመጀመሪያ ዕዳ ልንገራችሁ። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሕመሙን መጀመሪያ ያዩት ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እያነሰ እያነሰ ይሄድና የመጨረሻው ቁጥር አይነበብም ነበር። በሽታው ተለይቶ ከታወቀ በኋላ "ሌቮዶፓን አሁን ከጀመሩት ለክፉ ቀን አይተርፍም፤ ይቆይ" ተባልን። ምክሩ ከቅንነት ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመት የሰጡት ምክር ነው። እኛም አመንን። ሁለት ዓመት ጠበቅን። በሁለቱ ዓመት ውስጥ አባቴ ማስተማር አቆሙ። መድኃኒቱን ሲጀምሩ ጽሕፈታቸው በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ የሚያስተምሩበት ክፍል ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

ያ ምክር የተመሠረተው መወራጨቱንና የመድኃኒቱን ቶሎ መልቀቅ የሚያመጣው በሌቮዶፓ ላይ ያሳለፉት ዓመት ብዛት ነው በሚል ግምት ላይ ነበር። በ2014 የታተመ ጥናት የጋና ታማሚዎችን ከጣሊያን ታማሚዎች ጋር አነጻጽሯል። ጋናውያኑ መድኃኒቱን ያገኙት ዘግይተው ነው፤ በሽታው ከጀመራቸው በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ቆይተው። ጣሊያናውያኑ ደግሞ ሁለት ዓመት ከግማሽ ገደማ ላይ ጀምረዋል። ማዘግየቱ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ጋናውያኑ መወራጨቱ ዘግይቶ በመጣባቸው ነበር። አልሆነም። ችግሩ በሁለቱም ዘንድ የመጣው በሽታው ከጀመረ በተቀራራቢ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ወሳኙ የበሽታው ዕድሜና የሚወሰደው መጠን ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ 445 ታማሚዎችን በሁለት ከፍለው ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከ40 ሳምንት በኋላ ሌቮዶፓ እንዲጀምሩ አደረጉ። በ80ኛው ሳምንት ሲለካ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። መድኃኒቱ በሽታውን አላዘገየም፣ አላባባሰምም። የዘገዩት ያተረፉት ነገር አልነበረም፤ አብዛኞቹ ግን እነዚያን 40 ሳምንታት ያለ ሌቮዶፓ አሳልፈዋል።

ይህን ስል እንደልብ ይወሰድ ማለቴ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ መወራጨቱ ይመጣል፤ በሽታው በወጣትነት የጀመራቸው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። የሚያስፈልገው አነስተኛ መጠን የትኛው እንደሆነ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መፈለግ ይገባል። ነገር ግን "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሰው ሥራውን ከማጣቱ በፊት፣ ከመውደቁ በፊት፣ ከቤት መውጣት ከማቆሙ በፊት መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። ማዘግየት በመድኃኒት ወጪ መዝገብ ላይ ቁጠባ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ወጪው ግን የትም አልሄደም፤ የተከፈለው በአባቴ ደመወዝ ነው።

ለግዢ ክፍሎች ደግሞ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምታስለቅስ ነገር ላንሣ። ሌቮዶፓ ብቻውን ቢሰጥ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ ሰውነት ውስጥ ይለወጥና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ካርቢዶፓ የሚጨመረው ይህን ለመከልከል ነው፤ እሱ ሲኖር የሚያስፈልገው ሌቮዶፓ በሦስት አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ግን በቀን ቢያንስ 70 ሚሊግራም ገደማ ካርቢዶፓ መግባት አለበት። አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። 100 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ከ25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ጋር የያዘውን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ጀማሪ 75 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያገኛል። ገበያው ላይ ያለው 250 በ25 ብቻ ከሆነና ታማሚው ግማሽ ግማሹን ሦስት ጊዜ ከወሰደ ግን የሚያገኘው 37.5 ሚሊግራም ነው። ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ "ይህ መድኃኒት አይስማማኝም" ብሎ ይተዋል። ትልቁ ኪኒን በሚሊግራም ሲሰላ ይረክስ ይሆናል፤ ታማሚው የተወው ኪኒን ግን ምንም ያህል ቢረክስ የባከነ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ጥንካሬ በዝርዝሩ ይግባ። ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻም አይበቃም፤ መጋዘንም መደርደሪያም ላይ ይገኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ዶፓሚንን ተክተው የአንጎልን ተቀባዮች በቀጥታ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ፕራሚፔክሶል፣ ሮፒኒሮል፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሮቲጎቲን። ጥቅም አላቸው። በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከሌቮዶፓ ያነሰ መወራጨት ያመጣሉ። ለወጣት ታማሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚለጠፈው ደግሞ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አይታዘዙ አልልም። የምለው ሌላ ነው።

አባቴ ከሌቮዶፓው በተጨማሪ ፕራሚፔክሶል ታዘዘላቸውና መጀመሪያ ላይ ደስ አለን፤ የለቀቀው ሰዓት አጠረ። በስምንተኛው ወር ገደማ ሌሊት መንቃት ጀመሩ። ስልካቸውን ይዘው ሳሎን ይቀመጣሉ። ምን እያዩ ነው ስላቸው ዜና ይሉኛል። አባቴ የዕድል ስሌትን ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በሕይወታቸው ቁማር ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው ያልጠረጠርነው። ያወቅነው የቁጠባ ደብተራቸው ባዶ ሲሆን ነው፤ ሌሊት ሌሊት በስልክ ውርርድ ይጫወቱ ነበር። ጠርተን ስንጠይቃቸው አለቀሱ። "እኔ እኮ እንደማላሸንፍ አውቃለሁ፤ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አሉን። ያን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሰው ሲያቆሙላቸው ፍላጎቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ። (በአንድ ጊዜ ማቆም አይገባም፤ ከባድ ጭንቀትና ሰውነትን የሚያናውጥ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።)

አባቴ ብቻቸውን አልነበሩም። በ2010 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 3,090 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ከሚወስዱት 17.1 በመቶው፣ ከማይወስዱት ደግሞ 6.9 በመቶው እንዲህ ያለ ራስን መግታት ያለመቻል ችግር እንደነበረባቸው አግኝቷል፤ ቁማር፣ ያለልክ መግዛት፣ ያለልክ መብላት፣ የወሲብ ፍላጎት መናር። ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው። ማንም አልነገረንም። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ሳይጻፍ አይቀርም፤ ያን ደቃቃ ጽሑፍ የሚያነብበው ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንላለን፤ ሰው የሚደብቀው ግን የሚያፍርበትን ነው፤ የሚያፍርበትም የራሱ ጥፋት ሲመስለው ነው። ማዘዣውን ስትጽፉ አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ ለታማሚውና አብሮት ለመጣው ቤተሰብ "ይህ መድኃኒት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ከመጣ የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤ ንገሩኝ" ብትሉ እፍረቱ ገና ሳይጀምር ይቀር ነበር። በየቀጠሮው ደግሞ ጠይቁ፤ በዝምታ አትለፉት። በዚያ ዓመት ከአባቴ የጠፋው ገንዘብ የብዙ ዓመት መድኃኒት የሚገዛ ነበር። በየትኛውም ተቋም የወጪ መዝገብ ላይ አልተመዘገበም።

የተለያዩ መድኃኒቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ታማሚው ራሱ ስለ ኑሮው የሚለውን የለካ ሰፊ ጥናት በ2014 ታትሟል፤ 1,620 አዲስ ታማሚዎች የተካተቱበት። ሌቮዶፓ የጀመሩት በመንቀሳቀስ በኩል ከሌሎቹ በትንሹ ተሻሉ፤ ብልጫው ትንሽ ቢሆንም ለዓመታት ዘልቋል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት የታዘዘላቸውን ያቋረጡት ዶፓሚንን ከሚተኩት መድኃኒቶች 28 በመቶ፣ ኤምኤኦ-ቢ ከሚባለው ክፍል (ዶፓሚን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርጉት ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን ያሉበት) 23 በመቶ ሲሆኑ ከሌቮዶፓ ግን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ርካሹ፣ አሮጌው፣ ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት።

አዲስና ውድ ነገር ልብን ይስባል፤ በዚህ ሕመም ደግሞ ከልብም አልፎ አካልን ይስባል። በ2015 የታተመች አንዲት ትንሽ ጥናት አለች፤ 12 ታማሚዎች ብቻ ያሉባት። ሁለት ዓይነት መርፌ ይሰጣችኋል፣ አንዱ ከሌላው አሥራ አምስት እጥፍ ይወደዳል ተባሉ። ሁለቱም የጨው ውሃ ነበሩ። ውድ ነው ተብሎ የተወጋው ውሃ እንቅስቃሴያቸውን ከርካሹ ውሃ በላይ አሻሻለ። ታማሚዎቹ አላስመሰሉም፤ ተስፋ ራሱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ያስለቅቃል። ስለዚህ ለአዲስ መድኃኒት በጀት ስትመድቡ ከባዶ መድኃኒት (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) ጋር ተወዳድሮ ስንት ሰዓት እንዳተረፈ ጠይቁ። ለምሳሌ ራሳጂሊን ወይም ኤንታካፖን (የሌቮዶፓን ሥራ የሚያራዝም መድኃኒት) በሌቮዶፓ ላይ ሲጨመር በ2005 በወጣ ጥናት ከባዶው ኪኒን ጋር ሲነጻጸር የለቀቀውን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባነሰ ቀንሷል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እኔ ልመልሰው አልችልም፤ የትኛዋ ሰዓት እንደሆነች ያውቁ ዘንድ ታማሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት ሰዓት ከሆነች ትልቅ ናት።

ከመጨመር በፊት ግን ያለውን በደንብ መጠቀም ይቀድማል። ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ግማሹ ለማለቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚፈጅበት፤ በዚያ ላይ ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ፕሮቲን ጋር ለአንድ በር ይጋፋል። የአባቴን ደብተር የተመለከቱት ሐኪም አዲስ መድኃኒት አላዘዙም። ያንኑ የቀን መጠን ከሦስት ወደ አምስት ከፈሉት፤ ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲወሰድ፣ ፕሮቲኑም ወደ ማታ እንዲያመዝን አደረጉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የለቀቀው ሰዓት ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ። ወጪው የሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ነበር። በአንድ ጠዋት ሃምሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ግን ይህን ሃያ ደቂቃ ከየት ያመጣል? የሐኪም ጊዜም በመድኃኒት በጀት ውስጥ ይቆጠር የምለው ለዚህ ነው።

ርካሽ ሁሉ ደግሞ አያተርፍም። ትራይሄክሲፌኒዲል ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ መንቀጥቀጥን ያስታግሳል፤ ለአንዳንድ ወጣት ታማሚ ይጠቅማል። ለአረጋዊ ሲሰጥ ግን አእምሮን ያደናግራል፣ ማስታወስን ይቀንሳል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል። ሌላ ስለጠፋ ብቻ ለሰባ አምስት ዓመት እናት እሱን ማዘዝ መድኃኒት መስጠት ሳይሆን ሁለተኛ ሕመም መጨመር ነው።

መቋረጥን በሚመለከት አጥብቄ የምለው አለኝ። የዚህ መድኃኒት መጥፋት የሌላ መድኃኒት መጥፋት አይደለም። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ሊገተር፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊነሣ፣ አእምሮ ሊስት፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ክምችት ሲያልቅ ቀድሞ የሚያውቀው መጋዘኑ ነው፤ ታማሚው የሚያውቀው የመጨረሻዋን ኪኒን ይዞ ፋርማሲ ደጃፍ ሲቆም ነው። ክምችቱ መሳሳት ሲጀምር ለሐኪሞችና ለታማሚዎች የሚነገርበት መንገድ ይኑር፤ ቢያንስ መጠኑን በሥርዓት አመቻችተን እንጠብቅ።

ሆስፒታል ውስጥም ይቋረጣል። አባቴ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተኝተው በነበረበት ሆስፒታል (ስሙን አልጠቅስም፤ ነርሶቹ የቻሉትን ሁሉ አድርገውልናል) መድኃኒት የሚታደለው በተወሰነው ዙር ሰዓት ነበር። የእሳቸው ኪኒን ሁለት ሰዓት ዘገየ፣ ቀጥሎ ሦስት ሰዓት። ማቅለሽለሽ ሲይዛቸው ደግሞ ሜቶክሎፕራማይድ ተሰጣቸው፤ ዶፓሚንን የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ የፓርኪንሰን ታማሚ ሊያገኘው አይገባም። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉትም እንዲሁ። እየተራመዱ የገቡ ሰው በአራተኛው ቀን መዋጥ አቃታቸው፤ ሊወጡ በታሰቡበት ቀን ፈንታ አሥራ ሁለት ተጨማሪ ቀን ተኙ። የአሥራ ሁለት ቀን አልጋ ስንት እንደሚያወጣ እናንተ ታውቃላችሁ። መፍትሔው ከአልጋው ራስጌ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነበር፤ ኪኒኑ የሚሰጥበት ትክክለኛ ሰዓትና የማይሰጡት መድኃኒቶች ስም የተጻፈበት። ወይም ቤተሰብ ኪኒኑን ይዞ በሰዓቱ እንዲሰጥ መፍቀድ።

መድኃኒቱ የማይደርስበትን ቦታም አውቃለሁ። መውደቅ፣ በር ላይ እግር ተጣብቆ መቅረት፣ የድምፅ መሳሳት፣ የማስታወስ መድከም፤ ለእነዚህ ኪኒን መጨመር ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም፤ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየትን ያመጣል። ፊዚዮቴራፒና የዘወትር እንቅስቃሴ እዚያ ቦታ አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ከፓርኪንሰን ጋር የሚኖሩት ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ25 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል። የምትወስኑት ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ስለሆነ ልመናዬን በአጭሩ ልድገመው፦ የመድኃኒት ምርጫ ስብሰባ ስትጠሩ አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ ወንበር ይኑራቸው፤ ከዋጋው ዓምድ ጎን የሰዓቱ ዓምድ ይከፈት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአባቴን የሰባት ቀን መዝገብ አባሪ አድርጌያለሁ። የማክሰኞው ገጽ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9፡30 ያለው ባዶ የሆነው ተረስቶ አይደለም። ያን ቀን እኔ ስላልነበርኩ የሚመዘግቡት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት እርሳሱን መያዝ አልቻሉም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ፓርኪንሰን ታማሚ ልጅና አስታማሚ